ክረምት የሚለው ገጽ

መጽሐፉ አንድ ብቻ፣ ልጆቹ ስልሳ ሦስት፤
የኋለኞቹ ዴስክ ላይ ቆመዋል ሥዕሉን ለማየት።
እኔም እንዳላየ ሆኜ
ከፍ አድርጌ ይዤው እዞራለሁ፣
ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ሰሌዳ፣
ጀርባው በክር የተሰፋ፣ ከሩቅ ሀገር የመጣ እንግዳ።

ሰኔ ገብቷል። ከአንገረብ ማዶ
ደመናው ወገቡን አስሮ ቆሟል፤
የግቢው ጭቃ በየጫማው ገብቶ
ከኛው ጋር ፊደል ይቆጥራል።

"አንብብ" አልኩት ባዘዘውን።
ጣቱን ከቃሉ ሥር አኖረ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፦
"ከ... ረ... መ... ተ።"
ሁሉንም ግዕዝ አደረገው፤ ሳድስ ገና አልገባለትም።
"ከረመ!" አለች ኢክራም ከጎኑ።
"ማነው የከረመው?"
"የት ከረመ?"
"ደህና ከረመ ወይ?"
ክፍሉ በሳቅ ታመሰ።
ቀስ ብለን፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየሰበርን፣
ክ። ረ። ም። ት።
"ክረምት!" አሉ በአንድ አፍ፣ መስኮቱ እስኪነቃነቅ።

ከዚያ ሥዕሉን አዩት።
ነጭ ሜዳ። ነጭ ጣራ። ቅጠሉን የተቀማ ነጭ ዛፍ።
"ቲቸር፣ ይሄማ ክረምት አይደለም። ዝናቡስ?"
"ጭቃውስ የታለ?"
"ሰርዶው? ጎርፉ? የቀሃ ሙላት?"
"ጨው ነው የፈሰሰው።"
"ኧረ ዱቄት ነው!"
"ልጆቹ ለምንድን ነው እጃቸው ላይ ካልሲ ያጠለቁት?"
"የሰውዬው አፍንጫ ለምን ካሮት ሆነ?"
"ካሮቱን ለምን አይበሉትም?"

ምን ልበል? እኔም አላየሁት።
ያየሁት ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ያውም መብራት ሲኖር።
የተረጎመው ሰው ቃል ቸግሮት
የነሱን ብርድ በኛ ዝናብ ስም ጠራው፤
እሱን ልክሰስ፣ ወይስ ልጆቹን ልቆጣ
እያልኩ ሳመነታ፣ ዝናቡ ራሱ መጣ።
ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ድምፄን ቀማኝ።
እንዲህ ሲሆን ትምህርት የለም፤ እጃችንን አጣጥፈን
ሰማይ ተናግሮ እስኪጨርስ እንጠብቃለን።

አንጓች ተነሳች።
በየካቲት ከበየዳ ወርዳ አክስቷ ቤት ከገባች
ስሟ ሲጠራ "አቤት" ከማለት ሌላ ቃል አላወጣች።
በዴስኮቹ መሀል መጣች፣ ጣቷን ነጩ ላይ አሳረፈች፣
ቶሎ መልሳ ሳበችው፣ እፍ አለችበት።
ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ዝናቡ በላው።
ጎንበስ አልኩ፣ አራት ፊደል ከከንፈሯ ለቀምኩ፦
አ፣ መ፣ ዳ፣ ይ።

"አመዳይ ነው፣ ቲቸር። ያቃጥላል።
የአባዬን ገብስ የበላው እሱ ነው፣
በአንድ ሌሊት።
ጠዋት ስንወጣ እንዲህ ነበር፣
ልክ እንዲህ። ያምራል።
አባዬ ግን ቁጭ አለ።"

ገጹን ልገልጥ ነበር። በሚቀጥለው ልጆቹ
በነጩ ላይ እየተንሸራተቱ ይስቃሉ።
አልገለጥኩም።

ጠመኔ አነሳሁ፣ ሁለት ቃል ጻፍኩ፣
አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች፤
ክረምት የኛ፣ አመዳይ የአንጓች።
ዝናቡ ድምፃችንን እንደያዘ
ስልሳ ሦስት አፍ ተከፍቶ ተዘጋ፣ ተከፍቶ ተዘጋ።
ባዘዘው ጣቱን አየር ላይ ሰቅሎ
"ይ" ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆመ፤
ከዚያ ሳድስ አላት፣ አየሁት፣ በከንፈሩ።

ደወሉ ሳይሰማ ተደወለ። ሁሉም ወጡ።
እሷ ቀረች፤
ከእጅጌዬ ላይ የጠመኔውን ብናኝ
በመዳፏ አራገፈችልኝ፣
ቀስ አድርጋ፣
ቡቃያ እንዳይሰበር።