ኦ ማለት የልጅ ልጅ

አኮ ላይ፣ በሐምሌ፣ ባሕሩ ሲግል፣
ድንጋዩ ላብ አውጥቶ ጨው ጨው ሲል፣
አሥራ አንድ ሆነው መጡ ከአየርላንድ አገር፣
በዝናብ ካፖርት፣ ዝናብ በሌለበት ምድር።
እኔ የፈረሰኞቹ አዳራሽ በረኛ፣
ትኬት ቀዳጅ፣ ባትሪ ያዥ፣ ሲመሽ ቁልፈኛ።

«ኦ ዱላን» አሉኝ መሪያቸው፣ ስማቸውን ስጠይቅ፤
የያዙትን ምርኩዝ አየሁ፣ ሳቄን ዋጥኩት በጭንቅ።
አሥራ አንዱም ኦ ዱላን ናቸው፣ ባልም ሚስትም፣
ካናዳ ገብቶ የቀረው የአጎት ልጅ፣ እሱም።

የንጉሥ ዘር ነን አሉ። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት
ሐይቅና ጭጋግ ይገዛ የነበረ፣ ብዙ ላም፣ ጥቂት መሬት።
ትንሹ ልጁ ስእለት ነበረበት፤ በመርከብ ተሳፍሮ
እዚህ ወደብ ወረደ፤ ንዳድ ጣለው፤ ቀረ በዚያው አፈር ተቀብሮ።
የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

የጉብኝታቸው ዝርዝር በላስቲክ ተጠቅልሏል፤
ትናንት ያፋን አይተዋል፤
ነገ አትሊት ይሄዳሉ። «አጥር አለው» አልኳቸው፣
«ወታደር አለ፤ ግንቡ ከሩቅ ነው የሚታያችሁ።»
«ከሩቅም ይበቃናል» አሉ፣
ርቀትን እንደለመደ ሰው ሁሉ።

ደረጃውን ወረድን። ባትሪዬን ግንቡ ላይ ሳበራ
የዓሣ አጥንት የመሰለ ጭረት ወጣ፣ ከግራ።
ሽማግሌው ፊንባር ቆሙ። ጣታቸው ተንቀጠቀጠ።
«የእኛ ነው! ማኅተማችን!» አሉና ድምፃቸው ተቆረጠ።
ፎቶ ተነሣ። አንዲት ሴት አለቀሰች።

እኔ ምን ልበል?
አሥራ አራት ዓመት ያን ድንጋይ በብሩሽ ጠርጌዋለሁ፤
ጭረቱን እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ።
የግንበኛ ነው። የተጠረበው ድንጋይ ሲቆጠር
«ያንተ ስንት? ያንተስ?» ተብሎ ሊከፈለው ብር
የጫረው ነው።
ዝም ብል ማን ይጎዳል? የሩቅ አገር መንገደኛ
ማኅተም አገኘሁ ብሎ ደስ ብሎት ቢተኛ?
ምላሴ ግን ቀደመኝ።
«አባቴ» አልኳቸው፣ «ይህ የንጉሥ ልጅ አይደለም፤
የቀን ሠራተኛ ነው፤ ያለዚህ ጭረት ደሞዝ የለውም።»

ዝም አሉ። ከጣሪያው ውሃ ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ አለ።
ኋላ ምርኩዛቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈው
«ኦ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉ፣ ፊቴ ላይ አፍጥጠው።
«በጥንቱ ቋንቋችን፣ የልጅ ልጅ። ሌላ ትርጉም የለው።»

የልጅ ልጅ!
እኔም እኮ፣ ያን ሌሊት፣ ሎድ አውሮፕላን ጣቢያ፣
ጸሐፊው «የቤተሰብ ስም?» ሲል፣ ያኔ የመጣን ለታ፣
አባቴ ግራ ቢገባው የአባቱን ስም ጠራ፤
ጀምበሬ ተባልን። ከዚያ በላይ ያለው አያት በተራ
ውጭ ቀረ፣ ባለቤቱ እንደጠፋ ሻንጣ።
እናቴ ግን ሙሽራ ሳይታጭልኝ፣ ዝምድና እንዳይመጣ፣
ሰባት ቤት አስቆጥራኛለች።

«ቁጠርልኝ» አሉ ሽማግሌው።
ቆጠርኩ፤ ድምፄ ከቅስቱ እየተመለሰ፦
አብተው። ጀምበሬ። ክንዴ። ሰጠኝ።
ጎሹ። ባይህ።
ሰባተኛው ገዴ፣ ለጎንደር ግንብ ኖራ ያቦካ፣
የንጉሥ እልፍኝ የሠራ፣ አንድ ሌሊት ግን ያላደረ ለካ።
ምልክት አልጫረም። ወይም ጭሮ ከሆነ፣ ያየለት የለም።

ፊንባር የትውልድ መጽሐፋቸውን የመጨረሻ ገጽ ገልጠው
ስሞቹን በራሳቸው ፊደል ጻፉ፤ ገዴን ጌዲ አደረጉት፣ አጥምመው።
አላረምኩም።
አውቶቡሱ ጡሩንባ ነፋ። ሲወጡ ጭረቱን ዳሰሱት፤
ማኅተም እንደሚሳለም አይደለም፤
ስሙን እንደማያውቁት ጎረቤት፣ እጅ እንደሚነሱት።

ማታ በሩን ቆለፍኩ። ከዚያ መልሼ ከፈትኩ።
ባትሪዬን ሳላበራ ግንቡን በእጄ ፈለግኩ፤
ስምንተኛውን ስም ሞከርኩ።
አልመጣልኝም።