አሥራ ስድስት

ልጄ ዘመናይ ከሐዋሳ መጥታ፣
ሦስት ቀን ሰንብታ፣ ግድግዳዬን በስታ፣
ይህን ክብ ነገር ሰቅላልኝ ሄደች።
«አባዬ፣ አትነካካው፤ ራሱ ያውቃል» አለች።

ያውቃል!

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከሎዛ እስከ አዘዞ፣
ቆጣሪ ያነበበ፣ ባትሪና ደብተር ይዞ፣
የስንቱን ቤት ብርድ በቁጥር የሚያውቅ ሰው፣
ዛሬ ግድግዳው ነው «እኔ አውቃለሁ» ያለው።

ታኅሣሥ ነው። ነፋሱ ከደባርቅ ወርዶ
በበሩ ሥር ገባ፣ እንደ ድመት ለምዶ።
ተነሣሁ፣ ነካሁት፤ ክቡ ፊቱ በራ፤
«ሃያ» ይላል ደፍሮ፣ ሂሳብ እንደማይፈራ።
ቁልቁል አዞርሁት። አሥራ ዘጠኝ።
አሥራ ስምንት (ይህ ለአራስ ቤት ነው፣ እኔን ምን ሊያደርገኝ?)
አሥራ ሰባት።
አሥራ ስድስት።

ቆመ።

ደግሜ አዞርሁት። አሥራ ስድስት።
በመዳፌ መታሁት። አሥራ ስድስት።
ገደል አፍ ላይ እንደ ደረሰች በቅሎ
ንቅንቅ አልል አለኝ፣ አራት እግሩን ተክሎ።
ከቁጥሩ አጠገብ ትንሽ ቁልፍ ታየች፤
የልጄ እጅ ናት፣ ሐዋሳ ሆና የቆለፈች።

ኧረ አሥር ይበቃኛል! በአሥር ነው ያደግሁት፤
ውጭ ዘጠኝ ነው፣ በአንድ ነው የበለጥሁት።
ኪሎዋቱ ሲከመር፣ እርከኑ ሲዘል፣
የስንቱን ፊት አየሁ ደጃፉ ላይ ሲከስል።

ሳሙና በር አንዲት ሴት ነበረች፣
ቆጣሪዋን በነጠላ የምትሸፍን፣
«ሲበርደው ይፈጥናል» ብላ።
ሳቅሁባት። ሃያ ዓመት ለሰው አወራሁባት።
አሁን ማን ያውራብኝ፣ በካልሲ ቆሜ
በእኩለ ሌሊት ከግድግዳ ጋር ስሟገት?

ሂተር ነበረን ድሮ፣ ሁለት ሽቦ ያለው፣
ሲቀላ የሚያቃስት፣ የሻረግ የምትወደው።
እኔ ግን ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ያው ሥራዬ ነው፣
ከሶኬቱ ነቅዬ ነበር የምተኛው።
«ትንሽ ቢቆይስ?» ትላለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ።
«ኪሎዋት ነው» እላታለሁ፤ «ነገ ነው ዕዳ።»
ከዚያ ወዲያ አትናገርም።
ብርድ ልብሱን ትስባለች። ብርድ ልብሱ አጭር ነው፤
ወይ እግር ነው፣ ወይ ትከሻ።
ዘመናይ ያኔ ስድስት ዓመቷ፣
ከእግራችን ሥር፣ ፍራሽ ላይ፣
ተኝታለች ብለን።

በዚያው ግድግዳ ላይ፣ ፊቷን በምታዞርበት፣
ዛሬ ይህ ክብ ተሰቅሏል።
ልጄ ሆን ብላ ይሁን፣ ወይ ሽቦው ቀርቦላት፣
አልጠየቅኋትም።

ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ።
ይህችን መስመር አውቃታለሁ፤
ስትሄድ እስከ ማራኪ ይዛ ነው የምትሄድ።
ክቡ ፊት ጨለመ፣ ቁልፏም አብራ።
አሥራ አምስት ይሁን፣ አሥራ ሦስት ይሁን፣
ከልካይ የለም፣ የሚቆጥርም የለም።
«ረታሁህ» ልለው ነበር።

ስልኬ ጮኸ።

«አባዬ፣ ቤቱ አልመልስ አለኝ።»
ቤቱ!
«መብራት ነው። ተኚ።»
«በረደህ?»
«ሞቆኛል» አልሁ፤
ጥርሴ ግን ቃሌን መሃል ለመሃል ቆረጠው።
ዝም አለች። እኔም ዝም።
ከጀርባዋ የሐይቁ እንቁራሪት ይንጫጫል።
«እስኪመጣ ድረስ ስልኩን አትዝጋው።»

«ሂሳቡስ?» ልላት አፌን ከፈትሁ፤
ብርዱ ገባበት፤
ዋጥሁት።

ስለ ምን እንዳወራን አላስታውስም።
ስለ ጎረቤት አጥር። ስለ አንድ የሞተ ውሻ።
ስለ እናቷ አላወራንም፤
እሷ ግን አንድ ጊዜ «ብርድ ልብሱ ያው ነው?» አለች፣
እኔም «ያው ነው» አልሁ።

ሊነጋጋ ሲል ክቡ በራ፦
አሥራ አንድ።
ትንሽ ቆየና፣ አሥራ ሁለት።
ሰው እንደሚያነሣ ሰው፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ላይ።
እጄን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አላወጣሁም።
ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ።