የመስመር ሠራተኛው ላም

ፖስተኛው ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚያመጣቸው፤
ሁለት ፖስታ ናቸው፣ አንድ ነው ማኅተማቸው።
ባንደኛው «እንኪ» ይላል፣ በሌላው «አምጪ» ይለኛል፤
መብራት ኃይሉ እንዲህ ነው፣ ባንድ አፍ ሁለቴ ይጠራኛል።

የየካቲት ነፋስ ከውቅያኖስ ተነሥቶ
ግሌስ ቤይን ሲገርፍ፣ በየስንጥቁ ገብቶ፣
እኔ በኩሽናዬ መነጽሬን አድርጌ
እደምር እቀንሳለሁ፣ እርሳሴን ፈልጌ።
የትርፍ ድርሻ፦ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዶላር።
የመብራት ዕዳ፦ መቶ ዘጠና ስምንት ዶላር።
አሥራ አራት ተረፈኝ፤
ለድመቷ ዓሣ፣ ለኔ ሻይ ቅጠል።

ሮሪ ባሌ የመስመር ሠራተኛ ነበረ፤
ሠላሳ አንድ ክረምት ምሰሶ ላይ አደረ።
ደመወዝ በወጣ ቁጥር ከቢራው ላይ ቀንሶ
አክሲዮን ይገዛል፣ ያንኑ ጃኬት ለብሶ፤
ክንድ በክንድ ገዛው፣ የሚንጠለጠልበትን ምሰሶ።

ወንድሙ ሎክላን «ወርቅ እያለ ሽቦ?» እያለ
ሰሜን ካለ የወርቅ ጉድጓድ ያለውን ሁሉ ጣለ።
ጉድጓዱ ጉድጓድ ብቻ ሆኖ ቀረ።
ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!
የሮሪ ላም ግን ታስራለች፣ መንገድ ዳር ምሰሶ ላይ፤
ከሲታ ናት፣ አትሮጥም፣ አትወልድም መንታ፣
በሦስት ወር አንዴ ትታለባለች፣ ጠብታ በጠብታ።
«ዋጋዋ ሲወርድ አትደንግጪ፣ ሲወጣ አትፈንጪ፤
ላሚቱን አትሽጪ፣
ወተቷን ጠጪ»
አለኝ ሆስፒታል ተኝቶ። ኑዛዜው ይኸው ነው።
ፍቅር ነበረ፣ አሁን ሳስበው።

ዘንድሮ ሦስተኛ ፖስታ መጣ፣ ለስላሳ ወረቀት፤
«የተከበሩ ባለአክሲዮን» ይላል፤ እኔን፣ መርዲና ማክአስኪልን ማለት።
ታሪፍ ሊጨምሩ ነው፤ ከተፈቀደ ድርሻችን ያድጋል።
አነበብኩት። አልዋሽም፣ ደስ ይላል።
ደግሜ ሳነበው ግን ሌላው ፖስታ ትዝ አለኝ፤
በግራ የሰጠኝን በቀኙ ሊወስድብኝ።
ደምሬ ቀንሼ ባየው፣
ያው አሥራ አራት ዶላር ነው።

አዳራሹ ስብሰባ ላይ ጎረቤቴ ዩላሊ ተነሣች፤
የዓሣ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ቤት ውስጥ ጓንት ታደርጋለች።
«ካፖርቴን ለብሼ ነው የምተኛው» ብላ ተቀመጠች።
ክራባት ያሰረው ሰው ስሟን ጠይቆ ጻፈ፤
ወደሚቀጥለው አለፈ።
ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አንገቴን ደፋሁ፤
ካፖርቷ ውስጥ ስንት ሳንቲም የኔ እንዳለ አሰላሁ።

በሚያዝያ መጀመሪያ፣ በረዶው ገና ሳይለቅ፣
የኩባንያው ልጅ መጣ፣ የሮሪን ዓይነት ቀበቶ የሚታጠቅ፤
መስመሯን ቆርጦ ሄደ። ትሑት ልጅ ነው፣ «ይቅርታ» አለ ሲወርድ።
ጨለማ ትርፍ አይከፍልም፤ ይህን ሮሪ ያውቅ ነበር፤
እኔ ያወቅሁት ያን ማታ ነው፣ መስኮቷን ሳይ በአጥር።

ከምድር ቤት የሮሪን ረጅም ገመድ አወጣሁ፣ ብርቱካናማውን፤
በኩሽናዬ መስኮት አሾልኬ በበረዶው ላይ ዘረጋሁት።
ክልክል ነው። ውሉ ላይ አንቀጽ አለው፤
ባለአክሲዮን ነኝ፣ አንብቤዋለሁ።
ዩላሊ በሩን ከፍታ ጫፉን እንደ ዓሣ ቀለብ አደረገችው፤
አልተነጋገርንም። ማሞቂያዋ አጉረመረመ፣ ቀላ።
ግድግዳዬ ላይ ቆጣሪው ይሮጥ ጀመር።
ይሩጥ። ከሩጫው ላይ ጥቂት ሳንቲም
በሰኔ ለኔው ይመጣል።

ብርድ ላይ ቆሜ ሳለሁ ሮሪ ከኋላዬ የተነፈሰ መሰለኝ፤
መልካም ሠራሽ አላለኝ፣ አጠፋሽም አላለኝ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ለለማጆች ሲለው የኖረውን ነው ያለኝ፦
«መጋጠሚያውን ከበረዶው ከፍ አድርጊው።»