አንድ ሌሊት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በነዳሁት አውቶቡስ
ጃንጥላ፣ መነጽር፣ አንዴማ ሰው ሠራሽ ጥርስ
ለቅሜ ለየባለቤቱ ስመልስ፣
ደንባችን አጭር ነበር፦
ስድስት ወር ጠያቂ ያልመጣለት
ላገኘው ሰው ይሁንለት።

ጡረታ ወጣሁ። በኅዳር ዝናብ፣ ከሪበ ከተማ ማዶ፣
በእስበን የድንች ማሳ መመርመሪያዬ ጮኸ ማልዶ፤
ተንበርክኬ በጥፍሬ ብምስ፣
ቀለበት!
ሺህ ዓመት አፈር ለብሶ አፈር ያልበላው ወርቅ፣
በምራቄ ብወለውለው እንደ ትናንት ሲስቅ።

ለቦዲል አጠለቅኩላት።
ልክ ሆነ፤ ማታ ልታወልቀው ብትል አልወጣም አለ ከጣቷ፤
እጇን ከጉንጯ ሥር አድርጋ፣ ሊነጋ ሲል ነው መተኛቷ።

በማግስቱ ከሙዚየም መጡ፤ ሚዛን፣ ደረሰኝ፣ ነጭ ጓንት።
«የምድር ሆድ ያቆየው የመንግሥት ነው» አለች ልጅቷ በትሕትና።
እስበን፦ «አፈሩስ የኔ!»
እኔ፦ «ያጎነበሰው ወገብስ?»
በወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስታችን ስንካሰስ
ቦዲል ቧንቧውን ከፍታ
ጣቷን በሳሙና ታሻለች፣ ዝም ብላ።
ቀጭ አለ ሳህኑ ላይ።

ካሳው ጣሪያችንን አደሰ። ግማሹን እስበን ወሰደው፤
እስከ ዛሬም ሰላም አይለኝ።
ቀለበቱ መስታወት ውስጥ ነው፤ ከሥሩ የተጻፈው
«ባለቤቱ ያልታወቀ»፤
ቁጥር አለው፣ የኛ ስም ግን የለው።

ባለፈው መጋቢት ቦዲልን ባዶ ጣቷን ቀበርኳት።
ለልጅቷ ያልነገርኳት፣
ለእስበንም ያልመለስኩለት አንድ ነገር አለ፦
ያን ሌሊት፣ አልወጣም ሲል፣
ጠያቂው መጣለት
ብዬ ነበር።