ጫኝና አውራጅ

ለገሃር ከጓሮ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ጻፍኩ የጭነት ማስያ፤
ስንት ጆንያ ገባ፣ ስንት ጎደለ እያልኩ፣
በኮፒያ እርሳስ ጫፍ ምላሴን እያጠቆርኩ።
ፉርጎ አይዋሽም፤ ካቅሙ በላይ ሲጫን
ዳገት ላይ ይቆማል፣ ያጋልጣል ጫኙን።

ባለፈው ልጄ ትርሲት ስልኳን ሰጠችኝ፣
ጥጉ የተሰነጠቀ፤ "አባ፣ አዲስ ገዛሁኝ፤
አንተም ሰው ምሰል እንጂ! የሚጠቅምህን ጫን፣
የሚያጫውትህንም፤ አይከፋም አንዳንዱን።"

ስታዲየም ጥግ ላይ ቆርቆሮ ሱቅ አለች፣
"አፕ እንጭናለን" የሚል ሰሌዳ ያዘለች።
ሳቄ መጣ። "ጫኝ" አልኩ፣ "የት አለ ጀርባህ?
የታል ማቅ ያጠለቀው የሰፋ ትከሻህ?"
ፍራኦል ይባላል፤ ጣቱ ቀጭን፣ ረጅም፣
ጆንያ ጨብጦ አያውቅም በሕልሙም።
"ምን ልጫንልዎ፣ ጋሼ?" አለኝ አቀርቅሮ፣
"ምን የለም! ከባንክ እስከምትዘል ዶሮ።"

መጀመሪያ ባትሪ፣ መብራት ሲሄድ የሚበራ፤
ገና ሳይደላደል ጀመረኝ ምርመራ፦
"ስም ዝርዝርህን ልይ፣ የት እንዳለህ ልወቅ፣
ድምፅህን ልቅረጽ…" "ኧረ ቀስ፣ ወዲያ ራቅ!
ጨለማ ልታበራ ለመጣህ ኩራዝ
የአክስቴ ስልክ ቁጥር ምን ሊሆንህ ነው ጓዝ?"
ፋኖስ መስሎኝ ነበር፣ ነጭ ለባሽ ኖሯል።
"ይውረድ!" አልኩ። ወረደ።

ቀጥሎ የአየር ጠባይ፤ ፀሐይ ሥሎ አሳየኝ፣
በነሐሴ ዶፍ ውስጥ፣ ጫማዬ እየራሰብኝ።
እንጦጦ ሲጠቁር ነው ጃንጥላ የሚያዘው፤
ይኼ አፕ በነጻ ነው፣ ካርድም አይበላው።

የቀን መቁጠሪያው ይጫን፣ በእኛም በፈረንጁም፤
የጡረታዬን ቀን አያስረሳኝም።
የባንኩም ይጫን፤ ሰልፍ ጉልበቴን ጨርሶታል፤
የይለፍ ቃል ስጽፍ "ዙር" አልኩት፣ ገርሞታል።
መዝጋቢ ነበርኩ እኮ። ቁልፍ አላበድርም።

አንዱ ፎቶ አንስቶኝ ሽበቴን ሲያራግፍ
ሠላሳ ዓመት ቀነሰኝ፣ ያለ ምንም ሰልፍ።
አየሁት ያን ጎረምሳ፣ ለስላሳ፣ የማላውቀው።
እኔ አይደለሁም። ጆሮው ላይ እርሳስ የለም።

ልሄድ ስነሣ፣ "ጋሼ፣ ሥራዎ ምን ነበር?"
"ባቡር" አልኩት። ፈለገ፤ አገኘ፤ የባቡር ጨዋታ።
ስልኩ ግን እምቢ አለ። "ሞልቷል።"
"አንዱ ይውረድ፣ የቱ?" ዝርዝሩን ወደ ታች ሲገፋ
የትርሲት ቀሪ ዕቃ ብቅ አለ፣ የረሳችው፦
የእርግዝና ሳምንት መቁጠሪያ።
የመጨረሻው ምልክት አሥራ አንደኛው ሳምንት።
ከዚያ በኋላ ባዶ።

ሰማይ ያውቃል፣ አልነገረችኝም።
እኔም ባለፈው ፋሲካ "ምነው ከሳሽ?" ብዬ
ዶሮውን ቀርቤያለሁ።

በእኔ መዝገብ ቢሆን፣ መንገድ ላይ ለወረደ
"ምክንያት" የሚል ዓምድ አለ፣ በቀይ የሚሞላ፤
እዚህ ግን ዓምድ የለም፣ ፊርማ የለም፣ ማኅተም፣
አንዲት ትንሽ ሥዕል ብቻ፣ ሎሚ የምታክል።
"ይቺ ትውረድ?" አለ ልጁ፣ ጣቱን አንሥቶ።
"አይ። የባንኩን አውርድ።
ሰልፍ እቆማለሁ።"
ፍራኦል ቀና ብሎ አየኝ። ልጅ ቢሆንም፣ ገባው።
ሂሳብም አልተቀበለኝ።

ታክሲ ውስጥ ወያላው "ተጠጉ፣ አንድ ሰው ይገባል!"
ይላል፤ እኛ ሞልተናል፤ ሰው ግን ይገባል።
ጉልበቴ ላይ ባቡሩ የወርቅ ሳንቲም ይጭናል፣
ያለ ሰነድ፣ ያለ ሚዛን፣ ዳገት የማያውቅ ባቡር።
ተናደድኩ። ግን እስከ ሜክሲኮ አላቆምኩም።

ማታ ደወለች። "አባ፣ ምን ምን ጫንክ?"
"ባቡር።" ሳቀች። "ሌላስ?"
"ሌላማ፣ ቦታው ሞልቶ ነበር።
ያገኘሁትን ግን አላወረድኩም፣ ልጄ።"

ዝናቡ በእሷም ጣራ፣ በእኔም ጣራ ሲዘንብ
ስልኩን አልዘጋችም።
እኔም አልዘጋሁም።