ጋቪዮታ

ክላይድ ወንዝ ዳር ነው ብረቷ የጋለ፤
ኢሽቤል የምትባል በያጅ፣ አለቃዋ ሳያይ፣
የሟች ወንድሟን ስም በእሳት ጠብታ ጻፈች
ከውስጥ በኩል፣ ከግድግዳዋ ላይ።

ለጦርነት ነበር፤ ጦርነቱ ቀድሟት አለቀ።
መድፏን እንዳቀፈች ለደቡብ ተሸጠች፤
ሞንቴቪዴዮ ላይ ስሟም ቀለሟም ተለውጦ
የሰው ጠረፍ ልትጠብቅ ወጣች።

መዝገቧን አገላብጫለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ነው፦
የሌባ መረብ አሳደደች፣ ዓሣ ነባሪ ሸኘች፤
አንድ ሌሊት በጭጋግ የገዛ ወደቧን መብራት
ጠላት መስሏት ከበበች።
መድፏማ አንዴ ነው የጮኸ፣ ለሚኒስትር ሰላምታ፤
የወጥ ቤቱን ሰሃን ሰባብሮ ተመለሰ ወደ ዝምታ።

ደግሞ ያ የሐምሌ ማዕበል! ላ ፓሎማ ማዶ
የሰባት ዓሣ አጥማጆች ጀልባ ጎኗን መትቶ አጎደጎደው።
ሰዎቹ ዳኑ። ጉድጓዱን ግን መካኒኩ ኤቫሪስቶ
አላቃናም አለ፦ «ቁስል መስሏችሁ ነው?
በር ያንኳኩበት ነው።»

ዛሬ በኪሎ ተሸጠች።
ቆራጩ ልጅ የጋዝ ነበልባሉን ሲያስጠጋ
ከስድስት ድርብ ቀለም ስር የብረት ፊደል ወጣ።
አነበበው። ባዕድ ስም ነው፤ ማን እንደሆነ አላወቀም።
እሳቱን ትንሽ አራቀና
ዙሪያውን ቆረጠ።