መላጣዋ

ፖርቶ ሪኮ፣ ሃቲዮ። ሰማዩ ሳይጠራ፣
ከሌሊቱ አሥር ላይ፣ መብራት ሲበራ፣
አባቴ ላሞቹን በየስማቸው ጠራ፦
ዶሎሬስ፣ ኮራል፣ ሬይና፣ ቀጥሎም ካንዴላ፤
አንዷን ግን ዘለላት፣ የቆመችውን ኋላ።

ስም ነፈጋት፤ እንዲሁ «መላጣዋ» አላት፣
ከተወለደች ጀምሮ ጠጉር አጥሮባት።
የእህቶቿ ገላ ካባ ደርቦ ሳለ፣
የእሷ እንደ ወንዝ ጠጠር ሲያብረቀርቅ ዋለ።

«ኤላዲዮ፣ ምላጭህን ላሟ ሰርቃህ ይሆን?»
ይል ነበር ቶሪቢዮ፣ የወተት ቦቴውን
እየሞላ። አባቴ መልስ የለውም፤
ባርኔጣውን ብቻ ይጫናል፤ አይስቅም።
(ባርኔጣውን ለምን እንደማያወልቅ
እኛ ቤት ያለነው ብቻ ነን የምናውቅ።)

ሐኪም አስመጣላት፤ ጎኗን ጫር ጫር አርጎ
ቦርሳውን ቆለፈ፣ እከክ አጥቶ ፈልጎ።
«ለሥጋ ትሂድ» አለ፤ ቀኑም ተቆረጠ።
ማዕበል ቀደመና ጣሪያ ገለበጠ፤
ዛፍ ነቅሎ ሲጥል የመብራት ገመድ በጠሰ፤
ማራገቢያው ቆመ፤ ጀነሬተር ጨሰ።

ዝናቡ ሲያባራ ምድር እንፋሎት ተፋች፤
ኮራል ምላሷን አውጥታ አለከለከች፤
የካንዴላ ለሃጭ እንደ ክር ተጎትቶ፣
የዶሎሬስ ወተት ከግማሽ በላይ ጠፍቶ፣
አሥራ ስድስት ላሞች ለአንድ ማንጎ ጥላ
ሲጋፉ፣ ሬይና ወደቀች ከኋላ።

መላጣዋስ?

ሜዳው መሀል ነበረች፤ ሣር ትነጫለች
በቀትር፤ ጥላውን ዘወር ብላም አላየች።
ላቧ እንደ ጠል ወጥቶ፣ ወዲያው ይደርቃል፤
ነፋስ፣ ያ ትንሽ ነፋስ፣ ቆዳዋን ያገኘዋል፤
የሚይዘው ጠጉር የለም፣ የሚያግደው ካባ፤
ሙቀት ከገላዋ ይወጣል፣ እንደ ገባ።

አባቴ ጎኗን ይዞ ትንፋሿን ቆጠረ፤
ሬይና ዘንድ ሄደ፣ ቆጠረ፤
ተመልሶ መጣና አፈረ።
ዙሪያውን ቃኘና፣ ሰው እንደሌለ አውቆ፣
ፊቷ ቆመ አባቴ፣ ባርኔጣውን አውልቆ።
በሁለቱም ላይ ፀሐይ እኩል አብለጨለጨች፤
እሷም ቀና ብላ አየችው፤ አመሰኳች።

በማግስቱ አሥር ላይ፣ በዚያ ድቅድቅ ጨለማ፣
«መላጣዬ!» ሲል ነው ድምፁ የተሰማ።

አሁን አባቴ የለም። ጥጆቿ ግን አሉ፤
ግማሾቹ ጠጉራም፣ ግማሾቹ እሷን ይመስላሉ።
ቶሪቢዮ አርጅቷል፤ ሲመጣ ይለምነኛል፤
«ከመላጣዎቹ አንዷን ሽጥልኝ» ይላል።
አይሸጥም እላለሁ። ባርኔጣዬን ያየዋል፤
የአባቴ ርስት፣ ይኸው፣ ከግንባሬ ጀምሯል።